ወተት የመሰለው

ልጅቷ ጡት አልይዝ ያለች ቀን ጸሐይወርቅ ብዙም አልደነገጠችም። ሕፃን እንደ ሹም ነው፤ አንድ ቀን ይስቅልሃል፣ በማግስቱ ፊቱን ያዞርብሃል፣ ምክንያቱን ሄደህ አትጠይቀውም። ሲነጋ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጅቷ ጡቱን ጎረስ ታደርግና ፍም እንደነካት ሁሉ ወደ ኋላ ተወርውራ ትጮኻለች። ደግሞ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትተዋለች። ባይርባት ኖሮ ግልግል ነበር፤ ርቧት ነው እንጂ አፏን ከፍታ በባዶ አየር ላይ ጡት የምትፈልገው። ማዕድ ፊቱ ቀርቦለት መጉረስ ያቃተው ሰው ልቅሶ ከሌላ ልቅሶ ሁሉ ይለያል። ጸሐይወርቅ እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰምታ አታውቅም ነበርና ምን ብላ እንደምታባብላት ጠፋት።

ራሷም ብትሆን ደህና አልነበረችም። የጡቶቿ ጫፍ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ይመስል ያቃጥላታል። ልጅቷ ለአፍታ ስትይዘው ጥርሷን ነክሳ፣ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ነው የምትችለው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጡቴን አመመኝ የምትል አራስ ወተቷን የሰሰተች ተደርጋ ትታያለች፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ አንዲት ሴት አንዴ እንዲያ ከታየች፣ የልጅ ልጅ ብታይም ስሙ አይለቃትም።

ሰፈሩ ላፍቶ ዳር ነው። ከቤቶቹ ኋላ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ወንዝ። ባሏ መዝገቡ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን የዘመተው ሆዷ ገና ሳይገፋ ነው፤ ልጁን አላያትም። ስም የሚያወጣላት አባቷ ነው ስለተባለ ልጅቷ እስካሁን “ሚጡ” ብቻ ናት። ቤቱ የመዝገቡ እናት የእማማ ዘነቡ ነው። እማማ ዘነቡ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ቆጮ በጀርባቸው ተሸክመው በየሰፈሩ ሸጠው፣ በዚያው ጀርባቸው ቤት የሠሩ ሴት ናቸው።

ክፉ አይደሉም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅ። ክፉ አማት ያላት ሴት ዕድለኛ ናት፣ የሚሏትን ሁሉ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ማፍሰስ ትችላለች። እማማ ዘነቡ ግን ለምራታቸው ገንፎ አገንፍተው በእጃቸው የሚያጎርሱ፣ ሚጡ ስታለቅስ ከእናቷ ቀድመው የሚነሡ፣ የራሳቸውን ጋቢ አራሷ ላይ ደርበው በነጠላ የሚያድሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለችን ሴት እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል።

“እንጥሏ ወርዶ ነው” አሉ፤ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጉሮሮዋን ከውጭ በአውራ ጣታቸው እያሹ። “የወረደ እንጥል ጉሮሮ ይዘጋል። ሳይቆረጥ የተረፈ አላየሁም።”

“ጉሮሮዋ ከተዘጋ እንዲህ አድርጋ መጮህ ትችላለች እማማ?”

“አንቺን ደግሞ መሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት ሰጡሽ እንጂ ጉሮሮ አላሳዩሽም።” ሣቅ አሉ፤ ሣቃቸው ክፋት አልነበረበትም። ወዲያው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ስሚኝ ልጄ። ከመዝገቡ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። ሁለቱም እንዲህ ጡት ጥለው ነው የሄዱብኝ። እሱም ሲወለድ ያንኑ ጀመረ። ሮጬ አምሐ ዘንድ ወሰድኩት፣ ቆረጠልኝ፣ ይኸው ዛሬ ጠመንጃ ይሸከማል።”

ቆሞ በሚሄድ ሰው የሚከራከርሽን በምን ትረቺዋለሽ። አቶ አምሐም ቢሆኑ ስማቸው በክፉ የሚነሣ ሰው አልነበሩም። ከሰፈሩ ወደ ጤና ጣቢያው በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ እንጥል የሚቆርጡ፣ ወለምታ የሚያሹ፣ ከድሃ ምንም የማይቀበሉ፣ እጃቸውን በሳሙና የሚታጠቡ ሽማግሌ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ታጥታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከድጃ መጣች። ከድጃ የባለሱቁ የሰዒድ ሚስት ናት፤ የሁለቱን ቤት የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ደርዘን ሊሞላ የቀረበ ልጅ አሳድጋለች፣ የወለደችውንም ያልወለደችውንም ቆጥሮ። አራስ ልጠይቅ ብላ ትግባ እንጂ የመጣችው ልቅሶውን ሰምታ ነው።

“ይቺ ልጅ ካድሬ ልትሆን ነው መሰለኝ” አለች ገና ከበሩ። “ቀኑን ሙሉ ትናገራለች፣ የሚሰማት የለም።”

“ቀስ በይ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው” አሉ እማማ ዘነቡ።

ከድጃ ልጅቷን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደቻት። “ከበር መልሻት፣ ምች ይመታታል” ሲሏት እንዳልሰማ ሆነች። በትንሿ ጣቷ የታችኛውን ከንፈር ዝቅ፣ ጉንጩን ገለጥ አድርጋ አየች። ዝም አለች። ከድጃ ዝም ስትል ሰው ይደነግጣል።

“ይሄ ነጩ ምንድነው?”

“ወተት ነዋ” አሉ እማማ ዘነቡ። “የሕፃን አፍ ውስጥ ምን ሊገኝ ኖሯል፣ ጠላ?”

“ሳትጠባ የዋለች ልጅ የምን ወተት ነው፣ እማማ ዘነቡ?”

ጸሐይወርቅ ከአልጋው ወርዳ መጣች። እሷስ አይታው ነበር። ምላሷ ላይ፣ ከጉንጮቿ ውስጥ፣ ከድዷ ጥግ እንደ አይብ ፍርፋሪ የተለጠፈ ነጭ ነገር። ከቀናት በፊት አይታ ወተት ነው ብላ አልፋዋለች። ወተት ነው ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ራሷ ናት ለራሷ የነገረችው።

“ንጹሕ ጨርቅ ስጪኝ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነከር አድርገሽ።”

ከድጃ ጨርቁን ጣቷ ላይ ጠቅልላ የልጅቷን ምላስ በስሱ ጠረገችው። “ወተት ቢሆን ይሄኔ ጨርቄ ላይ ነበር። አየሽ? አልለቅም አለ።” ጉንጯ ላይ ያለውን ደግሞ ትንሽ ጫን ብላ ነካችው። ከነጩ ጥቂት ተላቀቀ፤ ከሥሩ ሥጋው ቀይ፣ እንደተላጠ ሆኖ ታየ፣ ደም ነጠብ ነጠብ አለበት። ልጅቷ ጮኸች። ከድጃ ጨርቁን ወረወረችው። “በቃ፣ ከዚህ በላይ አይነካካም። የኔም አንዷ ይሄው ወጥቶባት ነበር። ፈንገስ ይሉታል ጤና ጣቢያ። ጂቪ የሚባል ወይን ጠጅ መልክ ያለው መድኃኒት አላቸው፣ አፏን ቀቡልኝ። ልክ የቀበሌ ማኅተም የተመታባት መስላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጡቴን ከነሥሩ ልትነቅለው ደረሰች።”

“እንጥሉስ?” አሉ እማማ ዘነቡ።

“እንጥሉማ እስከ ዛሬ አብሯት ይበላል።”

እማማ ዘነቡ አልሣቁም። የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ዘር እስከ ሰባት ቤት ታውቃለች። እንዲህ ያለው መተዋወቅ ለቡና መጣጫ እንጂ ለምክር አይመችም። “እኔ አንቺን በጀርባዬ አዝዬሻለሁ ከድጃ” አሉ። “እኔን ልጅ ልታሳውቂኝ መጣሽ?”

“አዝለውኛል። የልጅቷን አፍ ግን ይዩት።”

አላዩትም። ማየትማ አዩት፤ ያዩት ግን ሁለቱን የቀበሯቸውን ልጆች ነው።

ከድጃ እንደወጣች ጸሐይወርቅ ነጠላዋን አነሣች።

“ወዴት ነው?”

“ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።”

“አራስ ሆነሽ? ክርስትናዋ ሳይደርስ? ፀሐዩ ላይ ወጥተሽ ምች ቢመታሽ መዝገቡ ሲመለስ ምን ልበለው?” ጋቢያቸውን ጨምድደው ይዘዋል። “እሱ ከዚያ መምጣቱ አልታወቀም። አንቺንም ልጣ? ተኚ የኔ ልጅ። ነገ ማልጄ እኔው እወስዳታለሁ።”

“ጤና ጣቢያ?”

“ጤና ጣቢያ።”

“አቶ አምሐ ጋ አይሄዱም?”

“አልኩሽ እኮ።”

በሩ አልተቆለፈም ነበር። ማንም እጇን አልያዛትም። ጸሐይወርቅ ምችን ሙሉ በሙሉ አታምንም፣ ሙሉ በሙሉ አትክድም፤ እንደ ብዙ ሰው መሐሉ ላይ ቆማለች። መሐል ላይ የቆመ ሰው ደግሞ የሚገፋው እስኪመጣ አይንቀሳቀስም። ነጠላዋን መልሳ ሰቀለችው።

ሲነጋ እማማ ዘነቡ ሚጡን በሁለት ፎጣ ጠቅልለው፣ ላዩን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ጸሐይወርቅ በሩን ገርበብ አድርጋ እስኪሰወሩ አየቻቸው። ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስለ ነገው የወዛደሮች ቀን ሰልፍ ማስታወቂያ ይነገራል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዳይቀር፣ ሰዓት እንዲከበር፣ አርማ እንዲያዝ። እሷ የሚሰማት ከዚያ ሁሉ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ መታጠፊያው ጋ ጠፋ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተመለሱ። ልጅቷ ድምፅ የላትም።

“ተኛች” አሉ እማማ ዘነቡ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው። “ቀስ ብለሽ አስተኚያት።”

“ቀቡላት?”

“ተኝታለች አልኩሽ።”

ጸሐይወርቅ ፎጣውን ገለጠች። አፏ ዙሪያ ወይን ጠጅ ፈለገች። ያገኘችው ሌላ ቀለም ነው። አገጯ ላይ ደም ደርቋል፤ ከከንፈሯ ጥግ ደግሞ ያልደረቀው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ ከምራቅ ጋር።



“ተዘግቶ ነበር” አሉ እማማ ዘነቡ። “ማርያምን፣ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። ዘበኛው ብቻ ነው ያለው። ለነገው ሰልፍ ልምምድ ሁሉም ተጠርተው ሄደዋል፣ ነገም በዓል ነው፣ ከነገ ወዲያ ነይ አለኝ። ከነገ ወዲያ። መንገዱን ሙሉ ስትጮህ መጣች፣ ኋላ ድምፁ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ... የነዚያም ልክ እንዲህ ነው ያነሰው። አምሐ ደጅ ስደርስ እግሬ ራሱ ቆመ። ዝም ብዬ ልልፍ? አንቺ ብትሆኚ ታልፊ ነበር?”

ጸሐይወርቅ “አልፍ ነበር” ማለት ፈለገች። አፏ እሺ አላለም። ያንን መንገድ አልሄደችበትም፤ የሄደበት ሰው ነው የሚያውቀው። ይልቅ ልጅቷን አቅፋ ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቷ እንደ ልማዷ እንኳ አልተወረወረችም። ጡቱ ከንፈሯ ላይ ተቀምጦ ወተቱ በአገጯ ወረደ፤ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ደረቷ ላይ ገባ።

ማታውን ትኩሳቱ ተነሣ። ከድጃ በአጥሩ ተጣርታ ገባች፣ አየች፣ ለአንዴ እንኳ “ብዬ ነበር” አላለችም። ለከድጃ ይህ ከባድ ነገር ነው። ጎህ ሲቀድ ሦስቱም ሴቶች ሆስፒታል ለመድረስ ተነሡ። ጸሐይወርቅ ራሷን ሳትከናነብ፣ ለምች መከላከያ ብረት ሳትይዝ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታት ነው የወጣችው። ምች ይምጣ። የት ነበረ እስከ ዛሬ።

ታክሲ አልነበረም። አውቶቡስ ሁሉ ሰልፈኛ ጭኖ አልፏል። በእግር ወደ መካኒሳ፣ ከመካኒሳ ወደ ላይ። ቀይ ጨርቅ ክንዱ ላይ ያሰረ አብዮት ጥበቃ አስቆማቸው፤ ወደ አደባባዩ የሚያስገባው መንገድ ተዘግቷል፣ በዚያ ዙሩ አላቸው። ልጅቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “በውስጥ ለውስጥ ይሻላችኋል እናቴ” አለ፤ ማንን እናቴ እንዳለ አልታወቀም። ከሩቅ የማርሽ ሙዚቃ ይሰማል። ብስራተ ገብርኤል ጋ ሲደርሱ የሚጡ ዓይን ግማሹ ተገልጦ ግማሹ ተከድኖ ቀረ፤ ትንፋሿ እየመጣ፣ እየቆየ፣ ደግሞ እየመጣ ነው።

እማማ ዘነቡ መንገዱ መሐል ቆሙ። “ክርስትና ሳትነሣ ልትሄድብን ነው” አሉ። “ሆስፒታሉ አይደርስም። ጸሐይዬ፣ ቢያንስ ይሄ አይቅርባት።”

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ። ለሞት ለቀረበ ሕፃን ቀን አይጠበቅም፤ ቄሱ ወዲያው እሺ አሉ። ነገር ግን ሴት ልጅ የወለደች እናት ጊዜዋ ሳይሞላ ቅጥር አትገባም። ጸሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስትሰማ አልተከራከረችም። ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ለአማቷ አቀበለች። እማማ ዘነቡ እጃቸውን ዘርግተው ለመቀበል ፈሩ፤ ያን ፍርሃታቸውን አየችው። “ይያዟት” አለች። ሌላ ማን አለ።

ከድጃ ከሷ ጋር ውጭ ቀረች። ሁለቱም መግባት የማይችሉ ሴቶች የግንቡን ድንጋይ ተደግፈው ቆሙ። ከድጃ እጇን ያዘቻት። ውስጥ የቄሱ ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሕፃን ውሃ ሲነካው ያለቅሳል፤ ጸሐይወርቅ ያንን ልቅሶ ጠበቀች። ቀረ። እማማ ዘነቡ ብዙ ቆይተው ወጡ። ልጅቷ አንገቷ ላይ አዲስ ክር ታስሮላታል፣ ፀጉሯ ረጥቧል። “ወለተ ገብርኤል አሏት” አሉ።

ሰው ሲሞት ለጎረቤት ይነገራል፣ ለዕድር ይነገራል፤ ለጡት ግን የሚያረዳው የለም። ልጅቷ ተቀብራ፣ ለቀስተኛው ተመልሶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የጸሐይወርቅ ወተት ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣ ነበር። በጨርቅ ጠፍራ አሰረችው፤ ማቃጠሉ ባሰ። የጡቶቿ ጫፍ ቀልቶ፣ አብለጭልጮ፣ እየተላጠ ሸሚዟ በነካው ቁጥር ታቃስታለች። ከአማቷ ጋር አልተጣላችም። የሰጧትን ትበላለች፣ የተዉትን ታነሣለች። ቃል ብቻ የለም። እማማ ዘነቡም ዝምታው ተገቢያቸው እንደሆነ ሁሉ ሳያጉረመርሙ ተቀበሉት፤ ቆጯቸውን ጧት ይዘው ወጥተው ማታ ይመለሳሉ።

ያቃሰተችውን በአጥር የሰማች ከድጃ ናት። ገብታ ሸሚዟን ገለጠች።

“ተነሺና ጤና ጣቢያ ሂጂ። አሁን እንደሆነ አራስ አይደለሽም፣ የሚከለክልሽ...” ከድጃ አፏን በመዳፏ ያዘች። ያቺ ምላሰኛ ሴት የተናገረችውን መልሳ ልትውጠው ስትሞክር የታየችው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

እማማ ዘነቡ ጥግ ላይ ቆጮ ይከትፉ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን የሐዘን አድርገው ለበሱ። “አብሬሽ ልሂድ” አሉ። አብረው ወጡ።

ጤና ጣቢያው ተከፍቷል። አግዳሚው ላይ ልጅ የታቀፉ ሴቶች ሞልተዋል። ድሬሰሩ ደምሰው የሚባል ወጣት ነው፤ እጁ ይፈጥናል፣ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። መጋረጃውን ስቦ ጡቷን አየና ወዲያው ራሱን ነቀነቀ።

“ሲያጠቡ ያቃጥላል አይደል? ውስጡ ድረስ እንደ መርፌ?”

“አዎ።”

“እዚህ የመጣው ከልጁ አፍ ነው። ምላሱ ላይ፣ ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር አለበት፣ ብትጠርጊው አይለቅም። እውነቴን አይደለም?”

“ሴት ናት” አለች ጸሐይወርቅ።

“ሴት። ሰዉ ሁሉ ወተት እየመሰለው ያልፈዋል። ወተት አይደለም፤ ሻጋታ በዪው። ቆጮ ሲቆይ ላዩ ላይ ነጭ ያወጣ የለ? የሱ ዘመድ ነው። ከሷ አፍ ወዳንቺ ይመጣል፣ አንቺ መልሰሽ ትሰጫታለሽ፤ አንዳችሁን ብቻ ባክም ልፋት ነው። ሁለታችሁንም ነው የምቀባው።” እያወራ ከጠርሙሱ ወይን ጠጁን መድኃኒት በትንሽ ሳህን ቀዳ፤ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ሁለት አዘጋጅቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ። “አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለሷ። የታለች? አያቷ ይዘዋታል?”

ወደ እማማ ዘነቡ እጆች ተመለከተ። እጆቻቸው ነጠላቸውን ብቻ ይዘዋል።

“አምጥቻት ነበር” አሉ እማማ ዘነቡ። “ተዘግቶ ነበር።”

“መቼ?”

“ለሰልፉ ልምምድ የሄዳችሁ ዕለት።”

የደምሰው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ነጠላቸውን አየ፣ የጸሐይወርቅን ጥቁር ልብስ አየ፣ ዘጋው። ሁለተኛውን ጥጥ ከሳህኑ አጠገብ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ የሚጥልበት ቦታ የጠፋው ይመስል። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ቀባት።

“እንደ ቆጮ ሻጋታ ነው ያልከው?” አሉ እማማ ዘነቡ።

“ይመስላል ለማለት ነው፣ እናቴ።”

“እኔ እኮ ቆጮ ነው የምሸጠው።” ለሱ አልነበረም የሚናገሩት። “መሻገቱን ኮባውን ሳልገልጠው ከጠረኑ አውቃለሁ። ሰው ጠርቶ የሚያሳየው ለኔ ነው። እዚያ ልጅ አፍ ውስጥ ግን...” አልጨረሱትም። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ወንበር እንደሌለ ያወቁት መሬት ሲደርሱ ነው። ደምሰው ሊያነሣቸው ጎንበስ አለ፣ በእጃቸው ተወኝ አሉት።

ያን ጊዜ ከአግዳሚው ላይ አንዱ ሕፃን አለቀሰ። ርቦት የሚያለቅስ፣ ጤነኛ፣ ጉልበታም ልቅሶ። ጸሐይወርቅ ቁልፏን እየቆለፈች ነበር፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈታ ተሰማት። ልትይዘው አልቻለችም፤ ወተቱ መጣ። ከመድኃኒቱ ጋር ተቀላቅሎ ሸሚዟን አልፎ፣ ነጠላዋ ላይ ሁለት ወይን ጠጅ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ክቡ እየሰፋ ወደ ታች ወረደ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች አዩ፤ ጥቁር ልብሷንም አዩ። ሁሉም አንድ ላይ ዓይናቸውን ሰበሩ። የሚያለቅሰው ሕፃን እናት ልጇን አንሥታ፣ የሰረቀችው ይመስል አንገቷን ደፍታ ወደ ውጭ ወጣች።

እማማ ዘነቡ ተነሡ። የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሸፈኑላት፤ እሳቸው በቀሚስ ብቻ ቀሩ። ጸሐይወርቅ አልከለከለቻቸውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ሁለት ይከፈላል። ቀጥ ያለው በአቶ አምሐ ደጅ ያልፋል። ከሩቅ ይታያል፤ ዛሬም ልጅ ያዘለች ሴት በሩ ላይ ቆማለች። ሌላው በማሳው ዞሮ፣ በወንዙ ጥግ፣ ጭቃ ለጭቃ ይሄዳል። እማማ ዘነቡ መገንጠያው ላይ ቆሙ። ወደ ሴትየዋ አንድ እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ሁለተኛውን ሊራመዱ እግራቸውን አነሡ፤ ግን እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ጣሉት። ምን ብለው እንደሚጀምሩት አላወቁም ይሆናል። “የልጅ ልጄን” ብለው ቢጀምሩት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ማን ይናገርላቸዋል።

ሴትየዋ ገባች። በሩ ተዘጋ።

እማማ ዘነቡ ዞረው በማሳው በኩል ያለውን መንገድ ያዙ። ጸሐይወርቅ የተዘጋውን በር ለአፍታ አየችው። እሷም ጠርታ ማስቆም ትችል ነበር፤ ድምፅ ነበራት። የገዛ ዝምታዋ ከአማቷ ዝምታ ጎን ቆሞ አየችው፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አልቻለችም። ከዚያ ተከተለቻቸው። አሮጊቷ በጭቃው ውስጥ እግራቸው ይንሸራተታል፤ ነፋሱ ቀሚሳቸውን ያራግበዋል።

“በዚህ ይረዝማል” አለች ጸሐይወርቅ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአማቷ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

“ይረዝማል” አሉ እማማ ዘነቡ፣ ዞር ሳይሉ።

ደረሰችባቸውና ክንዳቸውን ያዘች፤ ይቅርታ አልነበረም፣ ጭቃው ያዳልጥ ስለነበር ነው። እንደዚያ ሆነው ሄዱ።